የደጋ አየር፣ የዓባይ ቁልቁለትና ያገለገለ መኪና ምርጫ

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የተነሳ ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ሞዴሉ ዓመት፣ ስለ ቀለሙ መነካት አለመነካት፣ ስለ ተነዳው ኪሎ ሜትርና ስለ ዋጋው ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ ምን ያህል እንደሚጎትትና ቁልቁለት ላይ ራሱን እንዴት እንደሚይዝ የሚወስኑት የሞተሩ መጠንና የካምቢዮው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ደላላው በአንድ ቃል የሚያልፋቸው ጉዳዮች ናቸው። ለሜዳ አገር ነዋሪ ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። ቢቸና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሞጣም ከዚህ እምብዛም ዝቅ አትልም፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ሁለቱ ከተሞች የሚያደርሰው መንገድም የዓባይን በረሃ እስከ ወንዙ ወርዶ እንደገና ወደ ደጋ ይወጣል። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ገዢ ጥያቄውን መጀመር ያለበት ከዚሁ መልክዓ ምድር ነው፤ ምክንያቱም ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር መጠን የፋብሪካ ቁጥር እንጂ የቢቸና ቁጥር አይደለም።

በተለምዶ «ሲሲ» እየተባለ የሚጠራው ቁጥር በሞተሩ ሲሊንደሮች ውስጥ ፒስተኖቹ ከታች ወደ ላይ ሲመላለሱ የሚያካልሉትን ባዶ ቦታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚገልጽ ሲሆን፣ 1,000 ሲሲ አንድ ሊትር ማለት ነው። ቁጥሩ ሞተሩ በአንድ ዙር ሥራው ምን ያህል አየር ሊስብ እንደሚችል ይናገራል እንጂ ስለ ጉልበቱ በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም። ጉልበት የሚመጣው ነዳጅ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲቃጠል ነውና፣ ቤንዚኑ የቱንም ያህል ቢበዛ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ካነሰ ጉልበቱም ያንሳል።

የደጋው ችግር እዚህ ላይ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ አየርን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ገደማ ጉልበት እያጣ ይወጣና ቢቸና ሲደርስ ከፋብሪካው ይዞት ከተነሳው ጉልበት ሩብ ያህሉን አጥቶ ይገኛል። ይህም ማለት በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ የወረደ 1,300 ሲሲ መኪና ቢቸና ላይ የሚያገኘው አየር አንድ የ1,000 ሲሲ ሞተር በወደቡ ላይ ከሚያገኘው ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። 1,298 ሲሲ ሞተር የተገጠመለት ቶዮታ ቪትዝ በፋብሪካው ልኬት 87 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲኖረው በዚህ ከፍታ ወደ 65 ይወርዳል፤ የ997 ሲሲው ታናሽ ወንድሙ ከ70 ወደ 52 ገደማ ዝቅ ይላል፤ 1,794 ሲሲ ሞተር ያለው ኮሮላ ደግሞ ከ130 ገደማ ወደ 97 ይወርዳል። ቅናሹ በመቶኛ ለሁሉም እኩል ቢሆንም የሚሰማው ግን እኩል አይደለም፤ ከ130 ላይ ሩቡን ያጣ መኪና አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ለመውጣት የሚበቃ ትርፍ ሲቀረው፣ ከ70 ላይ ሩቡን ያጣው ግን በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ከኋላው ሰልፍ ያስከትላል።

በአገሪቱ መንገዶች ላይ ትናንሽ ሞተሮች እንዲበዙ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ግብር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አዲስ ሆነው በሚገቡና ሞተራቸው ከ1,300 ሲሲ በማይበልጥ አውቶሞቢሎች ላይ ቀድሞ 30 በመቶ የነበረውን ታክስ ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ ያሉት 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ 100 በመቶ እንዲከፍሉ አድርጓል፤ ሰባት ዓመት ባለፋቸው ያገለገሉ መኪኖች ላይም እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። አዋጁ የ1,298 ሲሲውን ሞተር ከወሰኑ በታች ሲያስቀምጠው፣ በቀድሞዎቹ ኮሮላዎችና ስታርሌቶች ላይ የሚገኘውንና በ33 ሲሲ ብቻ የሚበልጠውን የ1,331 ሲሲ ሞተር ወደ ቀጣዩ እርከን ይገፋዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያሳውቅ ደግሞ ገበያው በአብዛኛው አስቀድሞ የገባውን መኪና እየተቀባበለ የሚሸጥና የሚገዛ ሆነ። ገዢው ሊያስተውለው የሚገባው ነገር የ1,300 ወሰን የግብር ወሰን መሆኑ ነው፤ ማንም ሰው የደጀንን ዳገት ለክቶ አላወጣውም።

የሞተር መጠን ብቻውን ትርጉም እንደሌለው በግልጽ የሚያሳየው የስፖርት መኪና አሠራር ነው። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ያቀረበው ኤም ኤክስ 5 የተባለው ባለሁለት መቀመጫ መኪና የተነሳው በ1,597 ሲሲ ሞተር፣ ማለትም ከአንድ ተራ የቤተሰብ ኮሮላ ባልበለጠ ሞተር ነበር፤ ሆኖም ክብደቱ ከአንድ ቶን በታች በመሆኑና ማርሾቹ እርስ በርስ ተቀራርበው በመደርደራቸው በዓለም ዙሪያ የስፖርት መኪና ወዳጆችን ልብ ለመግዛት በቅቷል። መሐንዲሶች የሚለኩት የፈረስ ጉልበቱ ለክብደቱ ሲካፈል የሚገኘውን ድርሻ ነው። ይህ ስሌት ለስፖርት መኪና የመደሰቻ ጉዳይ ቢሆንም ለቢቸናና ለሞጣ ሰው የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው፤ ለአዲስ ዓመት ወይም ለሠርግ አምስት ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍና የሞጣ ማር የተሞላ ጀሪካን ጭኖ የሚጓዝ ቪትዝ በክብደቱ ላይ ከራሱ ሲሶ በላይ ይጨምራልና። መኪናውን ባዶውን፣ ደላላውን ብቻ ከጎን አስቀምጦ በከተማው ሜዳ አስፋልት ላይ የሞከረ ገዢ የሞከረው ሌላ መኪና ነው ማለት ይቻላል።

ለአየር እጥረት ሞተር ከማሳደግ ሌላ መፍትሔ አለ፤ እሱም የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት፣ ዛሬ ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ነው። ቱርቦ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክረው ትንሽ ዘዋሪ ሲሆን፣ ከሱ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ሌላው ዘዋሪ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል፤ በመሆኑም ደጋው የነጠቀውን አየር አብዛኛውን መልሶ ይተካል። ልዩነቱ በናፍጣ መኪኖች ላይ ጎልቶ ይታያል። ቱርቦ የሌለው የ2,986 ሲሲ ሃይኤስ፣ ሕዝቡ «ዶልፊን» የሚለው፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ፓምፑ የሚልከውን ናፍጣ ሁሉ የሚያቃጥል አየር ስለማያገኝ ሲሆን፣ መጠኑ ተቀራራቢ የሆነው ባለ ቱርቦ ሃይሉክስ ግን ያንኑ ዳገት ብዙም ሳይጨነቅ ይወጣዋል። በላንድክሩዘር ላይ የተለመደው ቱርቦ አልባው የ4,164 ሲሲ ሞተር ደግሞ ችግሩን የሚወጣው በግዝፈቱ ነው፤ ሩቡን ቢያጣ እንኳ የሚተርፈው ብዙ ነው። ያገለገለ ቱርቦ የሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር መመርመር ይኖርበታል፤ መሣሪያው በደቂቃ ከአንድ መቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከርና በሞተሩ ዘይት የሚኖር በመሆኑ፣ የቀድሞው ባለቤት ዳገቱን ጨርሶ ደጀን ላይ እንደቆመ ወዲያው ሞተሩን ያጠፋ የነበረ ከሆነ ዘይቱ በጋለው ዘንግ ላይ ከስሎ ዘንጉን አበላሽቶት ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስና የሚጮህ ፉጨት የዚህ ምልክቶች ናቸው።

ካምቢዮ የሞተሩን ጉልበት አይጨምርም፤ ጉልበቱ በምን ዓይነት መልክ ወደ ጎማው እንደሚደርስ ይወስናል እንጂ። በአንደኛ ማርሽ ካምቢዮው አንድ ዙር እስኪያወጣ ሞተሩ ሦስት ተኩል ያህል ጊዜ ይዞራል፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን በዚያው ልክ ይባዛል። በአምስተኛ ማርሽ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሾፌሮች የመጀመሪያዎቹን ማርሾች «ከባድ»፣ የኋለኞቹን «ቀላል» የሚሏቸውም ከዚህ የተነሳ ነው። በማንዋል ካምቢዮ ማርሹን የሚመርጠው ነጂው ሲሆን፣ ሞተሩና ካምቢዮው የሚለያዩትና የሚገናኙት በፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ የፍሪሲዮኑን ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ኃይልን በዘይት ፍሰት የሚያስተላልፍ ክፍል ይይዘዋል፤ ከቆመበት በሚነሳበት ጊዜ የመጠምዘዝ ኃይሉን ስለሚያባዛ ዳገት ላይ ለመነሳት ያመቻል፣ በሚንሸራተተው ዘይት ምክንያት ግን ብዙ ሙቀት ያመነጫል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በተሠሩት ቪትዞች ላይ በብዛት የሚገኘው ሦስተኛው ዓይነት፣ ሲቪቲ የሚባለው፣ ቁርጥ ያሉ ማርሾች የሉትም፤ በሁለት ስፋታቸው በሚለዋወጥ ፑሌዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ አለው። ሜዳ ላይ ነዳጅ ቆጣቢ ነው፤ ከባድ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት መውጣት ግን ቀበቶውንና ዘይቱን ክፉኛ ይፈትናል።

ካምቢዮን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ዳገት ነው፤ ሊያስፈራው የሚገባው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወንዙን ተሻግሮ ደጀን እስኪደርስ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ከሸለቆው አፋፍ 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን የሚያጎብጥባቸው ቦታዎች ስላሉ በእርጋታ ካልሆነ መውረድ አይቻልም። አምስት ሰው ጭኖ 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ማለትም ሁለት ተኩል ጀሪካን ያህል፣ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ነጂው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ከወረደ፣ ነፋሱ ከሚወስደው በስተቀር፣ ሙቀቱ በሙሉ የሚያርፈው መዳፍ በሚያህሉ ጥቂት የፍሬን ሸራዎች ላይ ነው፤ ሸራው ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ዓመታት ሳይቀየር ቆይቶ እርጥበት የጠጣው የፍሬን ዘይት ይፈላና በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃልና የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በትራፊክ አደጋ ዜናዎች ደጋግሞ የሚሰማው «ፍሬን እምቢ አለው» የሚለው አነጋገር አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ የሚወርድ ማንዋል መኪና ግን የቤንዚን ፔዳሉ ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን እየገፋ እንዲያዞር ስለሚገደድ፣ ሞተሩ አየር ለመሳብ ሲታገል መኪናውን ይይዘዋል፤ በዘመናዊ ሞተር ላይ ኮምፒዩተሩ በዚህ ጊዜ ነዳጁን ጨርሶ ስለሚዘጋው በዜሮ ማርሽ መውረድ ይቆጥባል የሚለው እምነትም መሠረት የለውም። ባለአራት ማርሹ የቀድሞው አውቶማቲክ ቪትዝም መምረጫው ወደ ሁለት ቁጥር ወይም ወደ ኤል ፊደል ከተሳበና ኦቨርድራይቭ የሚባለው የመጨረሻው ቀላል ማርሽ በማጥፊያው ከጠፋ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ችግሩ ብዙ ነጂዎች መንጃ ፈቃድ ካወጡበት ቀን ጀምሮ መምረጫውን ከዲ ፊደል ሌላ ቦታ አስቀምጠውት አለማወቃቸው ነው። በዲ ብቻ ዓባይን የሚወርድ አውቶማቲክ ወደ ቀላል ማርሽ እያመለጠ ፍሬኑን ብቻውን ይተወዋል፤ ለዚህ ጥፋት ግን ተወቃሹ ካምቢዮው አይደለም።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላኛው ግማሽ ይጀምራል። በረሃው ይግላል፤ አየሩ ትኩስ ነው፤ ወደ ደጀን የሚወጣው ሞተርም በየኪሎ ሜትሩ አየር እያነሰው፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በከፍተኛ ዙር ይሠራል። እዚህ ላይ የመኪናውን ዕጣ የሚወስነው አንድ ሰው ልብ የማይለው ቁራጭ ነገር ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ የሞተር ውኃ በሥራ ላይ እያለ ወደዚሁ ሙቀት ይጠጋል። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ግን በስፕሪንጉና በጎማ ማኅተሙ በራዲያተሩ ውስጥ 0.9 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ይይዝና የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀና የተሰነጠቀ ክዳን ያለው መኪና አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ለወራት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊነዳ ይችላል፤ በደጀን ዳገት እኩሌታ ላይ ግን ውኃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይጎብጣል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። አንድ ክዳን ለመቀየር ያልወጣ ገንዘብ ሞተር ማውረድን ያስከትላል። ይህ አደጋ ትልቁንም ትንሹንም ሞተር ይመለከታል፤ ትንሹ ግን ያንኑ ዳገት ለመውጣት እስከ አቅሙ ጥግ ስለሚሠራ ቀድሞ ይጋለጣል።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ የሚሰጠው ፍርድ ገዢው ካምቢዮውን አስቀድሞ፣ የሞተሩን መጠን ደግሞ አስከትሎ ቢመርጥ ይሻላል የሚል ነው። አብዛኛው ጉዞው በቢቸና ወይም በሞጣ ከተማ ውስጥ ለሆነ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ዓባይን ለሚሻገር ሰው ባለማንዋል 1,300 ሲሲ ያሪስ ወይም ቪትዝ ይበቃዋል፤ 1,000 ሲሲው ግን ከጭነት ጋር ለዚህ አገር አይመከርም። በየሳምንቱ በደብረ ወርቅ በኩል በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ፣ ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ የሚወርዱ እንደ ሱሃ ያሉ ወንዞች የቦረቦሯቸውን ሸለቆዎች እየወረደ የሚወጣ፣ ወይም እስከ ባሕር ዳር የሚዘልቅ ሰው 1,500 ወይም 1,800 ሲሲ ሞተር ያስፈልገዋል፤ የነዳጁ ልዩነት ሰው እንደሚፈራው አይደለም፣ ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሲነዳ የሚጠጣው ትልቁ ሳይጨነቅ ከሚጠጣው እምብዛም አያንስምና። ከአስፋልቱ ወጥቶ በክረምት የቢቸናን ዋልካ አፈር ለሚረግጥ ደግሞ የሞተር መጠን ሳይሆን ከመሬት ከፍ ያለ አካልና የአራቱም ጎማ መጎተት ነው የሚፈለገው።

ማንዋልን ለማስቀደም ከቁልቁለቱ ሌላም ምክንያት አለ። የፍሪሲዮን ዲስክ በአነስተኛ ከተማ ጋራዥ ሊቀየር ይችላል፤ ባትሪ ቢሞት ማንዋል መኪና ተገፍቶ ይነሳል። የተበላሸ አውቶማቲክ ወይም ሲቪቲ ግን ሁነኛ ባለሙያና መለዋወጫ ፍለጋ ብዙ ጊዜ እስከ ትልቅ ከተማ ተጭኖ መሄዱ አይቀርም። ይህም ሆኖ እግሩን ለሚያመው ወይም በአህያ፣ በጋሪና በባጃጅ የታጨቀ የገበያ ቀን መንገድ ላይ ዘወትር ለሚነዳ ሰው ጤናማ ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ መግዛት ነውር የለውም፤ መምረጫውን ዝቅ ማድረግ ይልመድ እንጂ። የኤሌክትሪክ መኪናን ያሰበ ሰው ደግሞ ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን እንደማይነካውና ሲወርድ ያን ሁለት ተኩል ጀሪካን ውኃ የሚያፈላ ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው እንደሚመልስ ማወቅ ይጠቅመዋል፤ የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፣ በመንገዱ ላይ የት ይሞላል የሚለው።

በምርመራው ጊዜ ገዢው መካኒኩ የሚለካውን የሲሊንደር ግፊት ለባሕር ወለል ከተጻፈው የመጽሐፍ ቁጥር ጋር አወዳድሮ መደንገጥ የለበትም፤ ደጋ ላይ ንባቡ በሙሉ ዝቅ ስለሚል ሊታይ የሚገባው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማንዋል ከሆነ መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሦስተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ቀስ እየተባለ ሲለቀቅ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ቀይና ሽታ አልባ መሆኑ፣ ከዲ ወደ ኋላ ማርሽ ሲዛወርም መዘግየት ወይም መርገጥ አለመኖሩ ይታያል፤ ይህ ግን መኪናው ሲሞቅ እንጂ ጠዋት በቀዝቃዛው አይደለም፣ የደከመ ካምቢዮ ጉድለቱን የሚያወጣው ዘይቱ ሲቀጥን ነውና። ሻጩ ከፈቀደ ከሁሉም የሚበልጠው ሙከራ አራት ሰው አሳፍሮ ከደጀን ወደ ዓባይ በሁለተኛ ማርሽ መውረድ፣ ከድልድዩ ተመልሶም መውጣት ነው። ደጀን ላይ ሲቆም ሞተሩ ሳይጠፋ ኮፋኖው ይከፈት፤ ክዳኑ ዙሪያ እርጥበት አለመኖሩ፣ የሙቀት መርፌው ከመሐል አለመነቃነቁ፣ ከጎማዎቹ የፍሬን ሽታ አለመምጣቱ ይታይ፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነሳ።